የትራፊክ ቅጣትና የካዴቱ ቃል



አንድ ወጣት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ያህል በተፈቀደበት መንገድ ላይ በ70 ማይል ፍጥነት ሲነዳ ፖሊስ ያዘው እንበል። ተራ ሰው ቢሆን ቅጣቱን ይከፍላል፤ አንድ ሁለት ቀን ይበሳጫል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ይህ ወጣት በአሜሪካ የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተማሪ ከሆነ ግን ነገሩ በመክፈል ብቻ አያልቅም። የክሱን ወረቀት ተቀብሎ ሞተሩን ካስነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ይህ ፈተና ከፖሊሱ አይመጣም፤ ከአዛዡ ጥያቄ፣ ከሚሞላው ቅጽ፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኛው፣ ይበልጡን ደግሞ ከገዛ አንደበቱ ይመጣል እንጂ።

ርእሱ ከእኛ ኑሮ ይርቃል የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ከመካከላችን መኪና ያለው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ጠመንጃ ተሸክሞ የሚማርም የለም። ነገር ግን በውይይታችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እያንዳንዱ ቃሉ እውነት የሆነ ንግግር ሰውን ካሳሳተ ውሸት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የአሜሪካ ካዴቶች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በጽሑፍም ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥተውበታል። እኛም የእነርሱን መልስ በአንዲት የመንገድ ቅጣት ላይ አድርገን ብንመረምረው ይሻላል ብለን መረጥን።

አስቀድመን ስለ ደንቡ ጥቂት እንበል። በኒው ዮርክ ግዛት በሀድሰን ወንዝ ዳር የሚገኘው ዌስት ፖይንት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1802 ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) የመኮንን ቃል ያለ ምስክር ይታመናል የሚለው ልማድ ከዱሮ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ ካዴቶች ራሳቸው የሚመሩት የክብር ኮሚቴ በይፋ የተቋቋመው በ1922፣ ዳግላስ ማክአርተር የአካዳሚው የበላይ አዛዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። ደንቡ ባጭሩ ካዴት አይዋሽም፣ አያጭበረብርም፣ አይሰርቅም፣ ይህን የሚያደርጉትንም አይታገሥም የሚል ነው። «አይታገሥም» የምትለው በደንቡ ውስጥ በጽሑፍ የገባችው በ1970 ነው። በኮሎራዶ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚም በ1954 ከተቋቋመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ተመሳሳይ ደንብ ተቀብለዋል። በሜሪላንድ ግዛት በአናፖሊስ ከተማ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ የመረጠው መንገድ ግን በመጠኑ ይለያል፤ ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እናብራ። በእነዚህ አካዳሚዎች ሁለት የተለያዩ መዝገቦች አሉ። አንደኛው የዲሲፕሊን ነው። ጫማው ያልተወለወለ፣ ከሰልፍ የዘገየ፣ ክፍሉን ያላጸዳ ካዴት የሚመዘገበው በዚህ ነው። ቅጣቱም ከግቢ አለመውጣት፣ ማዕርግ ማጣት፣ ወይም በነጻ ሰዓቱ ሙሉ ልብስ ለብሶና ጠመንጃ ተሸክሞ በግቢው አደባባይ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ነው። በዌስት ፖይንት እንዲህ ሲመላለስ 100 ሰዓት የሞላለት «የመቶ ሰው» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ከእነዚህ መካከል ኋላ ጥሩ መኮንን የሆኑ ስለ ነበሩ ስሙ እንደ ቀልድም እንደ ማዕርግም ይነገራል። ሁለተኛው መዝገብ የክብር ነው። በዚህ የተመዘገበ ሰው አይቀለድበትም።

የትራፊክ ጥፋት የሚመዘገበው በመጀመሪያው መዝገብ ነው። በፍጥነት መንዳት፣ የቁም ምልክት ጥሶ ማለፍ፣ በተከለከለ ቦታ መኪና ማቆም፣ የመቀመጫ ቀበቶ አለማሰር፣ እነዚህ ሁሉ ጥፋቶች ናቸው፤ ነገር ግን ካዴቱ ዋሸ፣ አጭበረበረ ወይም ሰረቀ አያሰኙም። ስለዚህ «ካዴቱ በትራፊክ ተያዘ፤ እንግዲህ ክብሩን አጣ» የሚል ሰው ደንቡን አላወቀውም። (ጠጥቶ መንዳት ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ነው። እርሱ በየትኛውም አካዳሚ ቀላል ጥፋት ተብሎ አይታይም፤ ብቻውንም ሊያስባርር ይችላል።)

ታዲያ ትንሹ ወረቀት ወደ ትልቁ መዝገብ የሚሻገረው እንዴት ነው?

መኪና ለካዴት የተፈቀደ መብት እንጂ እንደ ሌላው ዜጋ ተራ ንብረት አለመሆኑን እንወቅ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በግቢው መኪና ማቆየት አይችልም። ጊዜው በየአካዳሚው ቢለያይም ፈቃዱ የሚሰጠው ወደ ትምህርቱ ማገባደጃ ለደረሱት ነው። በዚያው ዘመን ባንኮች ለወደፊቶቹ መኮንኖች ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ስለሚያቀርቡላቸው በዚህ ገንዘብ መኪና የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። በሃያና በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜ አዲስ መኪና፣ ከሳምንት ጥበት በኋላ የቅዳሜ ነጻነት፣ እሑድ ማታ ደግሞ ሰዓቱ ሳያልፍ የመመለስ ግዴታ! ወጣቱ የት ላይ ጋዝ እንደሚረግጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በግቢው ውስጥ ከተያዘ የወታደር ፖሊስ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሊጽፍለት ይችላል። አንደኛው ገንዘብ አያስከፍልም፤ በቀጥታ ወደ አዛዡ ይሄዳል። ሁለተኛው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ያስከፍላል። ለሲቪሉ የመጀመሪያው የሚቀል ይመስለዋል፤ ካዴቱ ግን ገንዘቡን ከፍሎ ዝም ቢባል በወደደ ነበር። ከዚህም ሌላ በምድር ጦሩ ደንብ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 12 የጥፋት ነጥብ ወይም በ24 ወር ውስጥ 18 ነጥብ የተያዘበት ሰው በጦር ሰፈር ውስጥ የመንዳት ፈቃዱን ያጣል።

ከግቢ ውጭ ከተያዘ የሚዳኘው በግዛቱ ሕግ ነው፤ ይህም ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል በቨርጂኒያ ከተፈቀደው ወሰን 20 ማይል አልፎ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል (137 ኪሎ ሜትር ያህል) በላይ የነዳ ሰው «በግድየለሽነት መንዳት» በሚባል ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ይህ ተራ የመንገድ ቅጣት አይደለም፤ ሕጉ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ድረስ ይፈቅዳል። በዚያው ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ ከ1839 ጀምሮ ያለው የቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም የክብር ደንቡን በጣሰ ተማሪ ላይ ለረጅም ዘመን አንድ ቅጣት ብቻ ያውቅ ነበር፤ እርሱም መባረር ነው። በሌሊት ከበሮ ተመትቶ፣ ተማሪው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ የተባረረው ሰው ስም ይነበባል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ በግቢው እንዳይነሣ ይነገራል። በአንድ አገር ሰማይ ሥር በአንዱ ግዛት የሃምሳ ዶላር ነገር የሆነው በሌላው ፍርድ ቤት ያስቆማል። ስለሆነም ካዴቱ «ቀላል ነገር ነው» ብሎ ለአዛዡ ከመንገሩ በፊት የተሰጠውን ወረቀት አስተውሎ ማንበብ ይኖርበታል።

ወረቀቱ ደግሞ ከጥፋቱ ሌላ የሚናገረው ነገር አለ፤ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተጽፎበታል። ካዴት ከግቢ ሲወጣ የሚሄድበትን አስመዝግቦ ይፈርማል፤ ፊርማውም እንደ ቃሉ ይቆጠራል። ወደ አጎቱ ቤት እሄዳለሁ ብሎ የፈረመ ካዴት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በሌላ ግዛት አውራ ጎዳና የተያዘ እንደ ሆነ፣ ፍጥነቱ የዲሲፕሊን ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ፊርማው ግን ወደ ሌላው መዝገብ ይገባል። ሲፈርም የሚሄድበትን ያውቅ ነበር? ወይስ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ? የኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደንቡ የሚፈልገው ለማታለል ማሰብን እንጂ መሳሳትን አይደለም።

ዌስት ፖይንት ለካዴቶቹ ሦስት መመዘኛ ጥያቄዎች ያስተምራቸዋል። በራሳችን አነጋገር እንዲህ ናቸው፤ ይህ ሥራዬ ማንንም ያታልላል ወይስ ተታሎ እንዲቀር ያደርጋል? ለእኔ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ያስገኛል? ይህ በእኔ ላይ ቢደረግ ቅር ይለኝ ነበር? እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ መንገዱ እንመለስ።

ፖሊሱ መስኮቱን አንኳኩቶ «በስንት ፍጥነት ትነዳ እንደ ነበር ታውቃለህ?» ይለዋል። ብዙ ሰው «አላየሁትም» ይላል። ካዴቱ የፍጥነት መለኪያውን አይቶ ከሆነ ይህች አንዲት ቃል ከጠቅላላው ጥፋት ትከብዳለች። የክብር ደንቡ በግቢ ግንብ አይወሰንም፤ በዕረፍት ጊዜም፣ በሲቪል ልብስም አብሮት ይሄዳል። እናቴ ታማብኝ ነው የምቸኩለው፣ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው፣ ይህን የመሰለውም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል ግን ካዴቱ የመናገር ግዴታ የለበትም። «መልስ ባልሰጥ እመርጣለሁ» ቢል አልዋሸም። የወታደራዊ መታወቂያውን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አድርጎ ሲያቀብልስ? ሳይጠየቅ ያቀረበው ይለፈኝ ብሎ ከሆነ በሁለተኛው መመዘኛ ራሱን ይመርምር። (በእኛም ዘንድ የተነጠቀ መንጃ ፈቃድ ለማስመለስ ወዲያው ወደ ዘመድ ስልክ የሚደውል ሰው ምን እያደረገ እንደ ሆነ አንባቢው ያስብበት።)

ከሁሉ ያስገረመንና ረጅም ክርክር ያስነሣብን ግን የሚከተለው ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ ውጭ ባሉ የትናንሽ ከተሞች ፍርድ ቤቶች በፍጥነት የተከሰሰ ሰው ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተነጋግሮ ክሱ እንዲቀልለት ማድረግ የተለመደ ነው። የመንጃ ፈቃዱ ታሪክ ንጹሕ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ክሱ እስከ መኪና ማቆም ጥፋት ድረስ ይወርድለታል። በ70 ማይል ሲበር የነበረው ሰው ያለ ቦታው መኪና በማቆም ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያምናል። ነጥብ አይያዝበትም፤ የኢንሹራንሱ ዋጋ አይጨምርም፤ ከተማውም ገንዘቡን ያገኛል። መኪናው በዚያን ቀን የቆመው ፖሊሱ ባስቆመው ጊዜ ብቻ ነበር!

ካዴት ይህን ቢያደርግ ዋሸ እንላለን? ከእኛ መካከል «አዎን፤ ያላደረገውን አደረግሁ ብሏል» ያሉ ነበሩ። መመዘኛዎቹን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ዳኛው ያውቃል፤ ዐቃቤ ሕጉ ያውቃል፤ ተከሳሹም ያውቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የተታለለ ሰው የለም። ጥቅሙም ቢሆን ካዴት ስለ ሆነ የተሰጠው አይደለም፤ ለገበሬውም ለሱቅ ነጋዴውም የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የሕጉን ብልሃት ብንነቅፍም ካዴቱን ውሸታም ለማለት አንችልም። በፍርድ ቤት «ጥፋተኛ አይደለሁም» ማለትም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ «ከሳሼ ያስረዳ» ማለት ነው እንጂ በመሐላ የተሰጠ የምስክርነት ቃል አይደለም። በመሐላ ምስክር ሆኖ ቆሞ «አልነዳሁም» ማለት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው።

አሁን ሰኞ ደረሰ እንበል። የሻምበሉ ኃላፊ መኮንን ካዴቱን ጠርቶ «ፍርድ ቤት ቀርበህ ነበር አሉ፤ ምን አጥፍተህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ካዴቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ያለ ቦታው መኪና በማቆም ተቀጥቼ ነው፣ ጌታዬ» ይላል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ እንዲህ ይላል፤ ማኅተምም አለው። ቃሉን አንድ በአንድ ብንመረምር ሐሰት አናገኝበትም። ነገር ግን መኮንኑ ከቢሮው ሲወጣ በልቡ የያዘው ሥዕል የቆመ መኪና ነው። ይህን ሥዕል የሣለው ካዴቱ ነው፤ አውቆም ነው የሣለው። አካዳሚዎቹ ይህን የመሰለውን ነገር ከውሸት ለይተው አያዩትም፤ ለይተው ስም ሰጥተውታል እንጂ። በእኛ ቋንቋ ማድበስበስ ብንለው ሳይቀርበው አይቀርም። እንግዲህ በፍርድ ቤት ማንንም ያላታለለ አንድ ቃል በቢሮ ሲደገም አታላይ ሆነ። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሰማው ሰውና ያ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። መልሱስ ምን መሆን ነበረበት? «በፍጥነት ተከስሼ፣ ክሱ ወደ መኪና ማቆም ዝቅ ብሎልኝ ተቀጣሁ» ቢል በአንድ ትንፋሽ ያልቅ ነበር። ምናልባት ጥቂት ቅዳሜዎችን በአደባባዩ ሲመላለስ ያሳልፍ ነበር።

ስለ ቅጽም ጥቂት እንበል። በሜሪላንድ ዳኛው ጥፋተኛውን «ከፍርድ በፊት አመክሮ» በሚባል መንገድ ሊያሰናብተው ይችላል፤ የተባለውን ከፈጸመ በሕግ ዘንድ እንደ ተፈረደበት አይቆጠርም። የአናፖሊስ ተማሪ በእጁ ያለው ቅጽ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ካለው «የለም» ማለት ይችላል፤ እዚህ ላይ ማድበስበስ የለም፤ ጠያቂው የጠየቀው የሕግ ጥያቄ ነውና። ቅጹ «ተከስሰህ ወይም የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶህ ያውቃል?» ካለ ግን መልሱ «አዎን» ነው። ካዴቶች ምስጢር ነክ ሥራ ከመያዛቸው በፊት የሚሞሉት የአሜሪካ መንግሥት ቅጽ፣ ቁጥሩ 86 የሆነው ማለት ነው፣ ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦበታል። ከ300 ዶላር በታች የሚያስቀጣና መጠጥ ወይም ዕፅ የሌለበት የትራፊክ ጥፋት በዚያ ጥያቄ ሥር መጻፍ እንደማያስፈልግ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ያንን ያልጻፈ ሰው አልደበቀም። ከመጠን ያለፈ ፍርሃት ይዞት ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ የሚዘረዝር ሰው አለ፤ ይህም አያስፈልግም። ጥያቄውን በጥሞና አንብቦ ለተጠየቀው በሙሉ መመለስ ይበቃል።

ሌላው ወጥመድ ካሜራ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ከ1994 ጀምሮ ቀይ መብራት የሚጥስ መኪና በካሜራ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የቅጣቱም ወረቀት ለመኪናው ባለቤት ይላካል። ሾፌሩ ማን እንደ ነበር አይጠየቅም፤ ነጥብም አይያዝም። መኪናውን ለጓደኛው ያዋሰ ካዴት ገንዘቡን ከፍሎ ቢተወው ማንንም አላሳሳተም። ጓደኛውን ከቅጣት ለማዳን ሲል «እኔ ነበርኩ የምነዳው» ብሎ ለአዛዡ የተናገረ እንደ ሆነ ግን ይህ ቸርነት አይባልም። ብዙዎቻችን ስለ ጓደኛ የተነገረ ውሸት ከራስ ውሸት ይቀላል ብለን እናስባለን። ደንቡ እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም፤ ጥቅሙ «ለእኔ ወይም ለሌላ ሰው» ይላልና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ሰውን በገዛ አንደበቱ ማሰር ፍትሕ ነው? የአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ለዚህ መልስ አለው። በአንቀጽ 31 መሠረት በጥፋት የተጠረጠረ ወታደር ሲጠየቅ የተጠረጠረበት ነገር ሊነገረውና ዝም የማለት መብት እንዳለው ሊገለጽለት ይገባል። የፌዴራል አካዳሚ ካዴቶችም በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። እንግዲህ ካዴቱ በፊቱ ሦስት መንገዶች አሉ፤ እውነቱን መናገር፣ ዝም ማለት፣ ማድበስበስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፍት ናቸው። ሦስተኛውን ከመረጠ የክብር ደንቡ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ይደርስበታል፤ አንቀጽ 107 በሥራ ጉዳይ አውቆ የሐሰት ቃል መስጠትን እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ነገር ግን በአዛዦችም በኩል የሚያጠፋ አለ፤ ይህን ሳንል ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛን አይኖረውም። በ1976 በዌስት ፖይንት ወደ ክፍላቸው ወስደው እንዲሠሩት በተሰጣቸው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፈተና ተነጋግረው በመሥራታቸው ከ150 በላይ ካዴቶች አካዳሚውን ለቀቁ። ነገሩን እንዲመረምር የተሾመውን ኮሚሽን የመሩት የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅና በ1968 የአፖሎ 8 አዛዥ ሆነው በጨረቃ ዙሪያ የተጓዙት ፍራንክ ቦርማን ነበሩ። ኮሚሽኑ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ የክብር ደንቡ ተራ ደንቦችን ለማስፈጸሚያ መሣሪያ መደረጉ ነው። ይህ ከትራፊኩ ነገር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አንድ መኮንን ካዴቶቹን አሰልፎ «በዚህ ሳምንት ከወሰን በላይ የነዳችሁ እጃችሁን አንሡ» ቢል ምን ይሆናል? ፖሊስ ያልያዘውን፣ ራዳር ያላየውን ጥፋት በክብር ደንቡ ለማደን ፈልጓል ማለት ነው። እጁን ያላነሣ ሁሉ በአንዲት ሰከንድ ከዲሲፕሊን ወደ ክብር ይሻገራል። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለው ጥያቄ ካዴቶቹን ሐቀኛ አያደርጋቸውም፤ የሐቀኝነትን ዋጋ ከጫማ መወልወል ጋር እኩል አድርጎ ያረክሰዋል። የቦርማን ኮሚሽን ነቀፋ ዛሬም ቢሆን ለአለቆች ሁሉ የሚሠራ ይመስለናል።

ቀድሞ የክብር ጥፋት ቅጣቱ መባረር ብቻ ነበር። ከ1976 በኋላ የበላይ አዛዡ እንደ ጥፋቱ ክብደት የሚወስንበት ሥልጣን ተሰጠው፤ ከእነዚህም አንዱ ካዴቱን አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በርቀት በተሰጠ የካልኩለስ ፈተና 73 ካዴቶች በማጭበርበር ተከስሰው ነበር፤ 8 ተባረሩ፤ ከ50 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓመት እንዲደግሙ ተደረገ። ጥፋቱን በፈቃዱ ላመነ ካዴት የሚቀልለት አሠራር በ2015 ተጀምሮ ነበር፤ ከዚህ ክስ በኋላ በ2021 ቀርቷል።

የመባረርን ዋጋ ከመኪናው ጋር ስናያይዘው አንድ ነገር ይታየናል። የአካዳሚው ትምህርት በገንዘብ አይከፈልም፤ በአገልግሎት ነው የሚከፈለው። ካዴቱ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ድረስ ያለ ዕዳ መልቀቅ ይችላል። ሦስተኛውን ዓመት ከጀመረ በኋላ ቢባረር ግን በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ወይም የትምህርቱን ወጪ እንዲመልስ ሊታዘዝ ይችላል። መኪና የሚፈቀድለትም በእነዚሁ የመጨረሻ ዓመታት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን የቅጣት ወረቀት የሚቀበለው ለውሸት የሚከፈለው ዋጋ ከሁሉ በሚከብድበት ሰዓት ነው። የፍጥነቱ ቅጣት ሁለት መቶ ዶላር ቢሆን፣ የማድበስበሱ ዕዳ ከአራት ዓመት ሕይወት ጋር የሚመዘን ይሆናል።

የቀረን የጓደኛው ነገር ነው። ካዴቱ አዛዡን ሲያድበሰብስ የመኝታ ክፍል ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ ሰምቷል እንበል። እውነቱን ያውቃል፤ በዚያች ቅዳሜ አብሮት በመኪናው ውስጥ ነበር። የዌስት ፖይንት ደንብ «አይታገሥም» ስለሚል ሰምቶ ዝም ያለውም ራሱ ደንቡን እንደ ጣሰ ይቆጠራል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደን ይህች ቃል ናት፤ በጓደኛ ላይ መናገር በአደግንበት ሰፈር ስም አለው፤ ስሙም ደስ አይልም። የአሜሪካ ካዴቶችም ቢሆኑ በዚህች ቃል የጎዱት ሰው አለ። ጄምስ ፔሎሲ የተባለ ካዴት ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፏል ተብሎ ተከሰሰ፤ እርሱ አላደረግሁም አለ። በአሠራር ጉድለት ክሱ ቢሻርለትም ጓደኞቹ በ«ዝምታ» ቀጡት፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የሚያነጋግረው አልነበረም፤ ብቻውን ይበላ ነበር፤ ብቻውንም ይተኛ ነበር። ችሎ ቆይቶ በ1973 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ካዴቶቹ ይህን ልማድ አስቀሩት። ደንብን መጠበቅና ሰውን ማድቀቅ አንድ አለመሆናቸውን ለማወቅ ይህን ያህል ዘመን ፈጀባቸው።

ወደ ኋላ እንመለሳለን ያልነው የአናፖሊስ መንገድ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። በባሕር ኃይል አካዳሚ የጓደኛውን ጥፋት ያየ ተማሪ ወዲያው እንዲያሳውቅ አይገደድም፤ ቀርቦ ሊያነጋግረው፣ ሊመክረውና በዚያው ሊያበቃው ይችላል፤ ከባድ ሆኖ ካገኘውም ያሳውቃል። በዌስት ፖይንትም ቢሆን ከማሳወቅ በፊት ወደ ተጠረጠረው ቀርቦ ማብራሪያ መጠየቅ የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ጓደኛው የሚያደርገው ወደ ኮሚቴው መሮጥ አይደለም። በዚያው ማታ በሩን ዘግቶ፣ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «ቆሞ ነበር ያልከው መኪናው ነው ወይስ ክሱ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የመኮንኑ ቢሮ ደግሞ ጠዋት ይከፈታል፤ ካዴቱ ቀድሞ ደርሶ «ጌታዬ፣ ትናንት የሰጠሁት መልስ ሙሉ አልነበረም» ለማለት ሰዓት አለው።